የለውዝ ጥፍርና የእማማ ዘይነብ ክንድ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ ገና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አንገቴ ደማ። ክሊኒኩ ያለው በምኖርበት ፈረንጅ አገር፣ ሴይንት ፖል ከተማ ውስጥ ነው፣ ስኔሊንግ አቨኒው ከሚባለው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ። ውሻና ድመት አይቀበልም። ጥንቸል፣ በቀቀን፣ ኤሊ፣ ሌላም ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ትንንሽ ፍጥረት ነው የሚመጣው። የተቀጠርኩት ኬጅ፣ የእንስሳቱን የሽቦ ቤት፣ ለማጠብ ነበር። ከእኔ በላይ ረዳት አለ፣ ከረዳት በላይ ቴክኒሻን፣ ከቴክኒሻን በላይ ዶክተር። ከእኔ በታች ባልዲው ብቻ ነው።

ኩራቴ ግን የዶክተር ነበር። ኮምቦልቻ አጠገብ በአንድ ወረዳ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። የበቅሎ ኮቴ ከርክሜያለሁ፣ በሬ አስይዤ መድኃኒት ግቻለሁ። ስለዚህ ዶክተር ካረን ጠርታ የተጠቀለለ ፎጣ እጄ ላይ ስታስቀምጥና «አንድ ደቂቃ ያዢልኝ» ስትለኝ፣ ይሄ ደግሞ ሥራ ሆኖ ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ፎጣው ውስጥ ያለው ሹገር ግላይደር ይባላል። አይጥ የሚያህል፣ ዐይኑ ትልልቅ፣ ከፊት እግሩ እስከ ኋላ እግሩ የተዘረጋ ስስ ቆዳ ያለው እንስሳ ነው። ያንን ቆዳ ዘርግቶ ከዛፍ ዛፍ ይንሳፈፋል። እዚህ አገር ሰዎች በከረጢት አድርገው ደረታቸው ላይ ይዘውት ይውላሉ። ያን ቀን ፎጣው ውስጥ ሆኖ፣ አሮጌ ሞተር ሊነሳ ሲታገል የሚያሰማውን የሚመስል ድምፅ አሰማ። ደንግጬ ጨመቅሁት፤ ሾልኮ በክንዴ ሽቅብ ሮጦ ሻሼ ሥር ገባ። ዶክተር ካረን ከአንገቴ ላይ ያላቀቀችው ጥፍር በጥፍር ነው። እያንዳንዱ ጥፍር እንደ መንጠቆ ነው፤ ሲገባ አይሰማም፣ ሲወጣ ግን ሥጋ ይዞ ይወጣል።

«በጉልበት አትያዢ» አለችኝ። «መሄጃ አሳጪው እንጂ አትጭመቂው።»

ማታ ቤት ስገባ አሕመድ፣ ባለቤቴ፣ የአንገቴን ፕላስተር አይቶ ምን ነካሽ አለኝ። ነገርኩት። የከተማ አውቶብስ ሹፌር ነው፣ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ሲነታረክ ስለሚውል ቤት ሲገባ መቀለድ ይወዳል። «በሬ ያላሸነፋትን ሴት አይጥ ጣላት በሉ!» ብሎ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ስልክ ደወለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤተሰቡ ዘንድ ራህመት መባሌ ቀርቶ ስሜ ዶክተር አይጥ ሆነ።

ሥራውን ያስተማረችኝ ሊንዳ ናት። ዋና ቴክኒሻን ነበረች፤ ሥራ ሲበላሽ እንኳ ድምጿን ከፍ አታደርግም፣ ዝም ብላ ታያለች። ሁለት ዓመት ኬጅ አጠብኩ፣ ከዚያ ረዳት ሆንኩ፣ ፈተናውን ሦስተኛ ጊዜ ተፈትኜ ቴክኒሻን ሆንኩ። ጥፍር መቁረጥ ያስጀመረችኝ ረዳት ሆኜ ስድስት ወር ከሞላኝ በኋላ ነው። እስከዚያ መያዝ ብቻ።

ዕቃው ብዙ አይደለም። የሕፃን ጥፍር መቁረጫ፣ ጥሩ መብራት፣ ማጉያ መነጽር፣ ደም የሚያቆም ዱቄት። ዱቄቱ ከሌለ የበቆሎ ስታርችም ይሠራል። እንስሳው ቀን ስለሚተኛ የሚቆረጥለት ቀን ነው፣ እንቅልፍ ላይ እያለ። ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ አንድ እግር ብቻ ይወጣል፣ ሌላው ሰውነቱ ጨለማ ውስጥ ይቆያል። አንድ ሰው ይይዛል፣ አንድ ሰው ይቆርጣል።

የፊት እግሩ አምስት አምስት ጣት አለው፤ አሥሩም ይቆረጣሉ። የኋላው ሌላ ነው። አውራ ጣቱ ጥፍር የለውም። ከአውራ ጣቱ ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ ጣቶች ተጣብቀው ነው የተፈጠሩት፤ በእነዚያ ጥፍሮች ፀጉሩን ያበጥራል፣ ቆሻሻውን ያወጣል። እነሱ አይነኩም። ከኋላ የሚቆረጡት በየእግሩ ሁለት ሁለት ናቸው። በጠቅላላው አሥራ አራት ማለት ነው።

የሚቆረጠውም ጫፉ ብቻ ነው፣ ያ እንደ መንጠቆ የሚቀጥነው። ወደ ውስጥ ከተገባ ሮዝ ሥጋ አለ፤ ከተነካ ይደማል። እንስሳው ሁለት እንቁላል አይመዝንም፤ ለእኛ ጠብታ የሆነው ደም ለእሱ ብዙ ነው። ደም ባይኖርም፣ ከልክ በላይ ያጠረ ጥፍር አይቆነጥጥም። ዘሎ ያረፈበትን ካልቆነጠጠ ይወድቃል።

ሊንዳ አንድ ሌላ ደንብ ነበራት። እንስሳው ከተቆጣ ማቆም። ስድስት ጥፍር ተቆርጦ ከሆነ ስድስት፣ ሁለት ከሆነ ሁለት፤ ቀሪው በሌላ ቀጠሮ። ፈረንጆቹ ደንበኞች ይህን ሲነገራቸው አመስግነው ይሄዳሉ። የእኛ ሰው ላይ ግን ይከብዳል። አንድ አባት፣ እዚሁ የተወለደች ሴት ልጁ የምታሳድገውን ይዞ መጣ።

«ስንት ቆረጥሽለት?» አለኝ።

«ስድስት።»

«ያለው ስንት ነው?»

«የሚቆረጠው አሥራ አራት።»

«ስምንቱስ?»

«በሚቀጥለው ሳምንት።»

«እህቴ፣ ፀጉር ቤት ገብቼ ግማሽ ራሴን ተላጭቼ ወጥቼ አላውቅም።» ልጅቷ እንግሊዝኛ ቀላቅላ «አባዬ፣ ፕሊስ» እያለች መሬት መሬቱን ታያለች። እኔም አፈርኩ። ሊንዳ ሌላ ክፍል ስለነበረች መልሼ ያዝኩና ስምንቱን ጨረስኩለት። እንስሳው ሲጮህ ነበር፣ ግን ምንም አልሆነም። ምንም ስላልሆነ ለሌላውም ሐበሻ እንዲሁ አደረግሁ። የአገሬን ሰው «ጅምር ሥራ ይዘህ ሂድ» ማለት አልሆንልሽ አለኝ። ይሉኝታ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

እማማ ዘይነብ ወደ ክሊኒካችን የመጡት ሥራው ላይ ዘጠኝ ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው። የወሎ ሰው ናቸው፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ለብቻቸው ይኖራሉ። የመጡት ከልጃቸው ከኢድሪስ ጋር ነው። ኢድሪስ ከከተማው ወጣ ብሎ አፕል ቫሊ ቤት ገዝቶ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የሚኖር፣ ትኩር ብሎ የሚያይ፣ የደከመው ሰው ነው። እሳቸው አንገታቸው ላይ ለስላሳ የፍሊስ ጨርቅ ከረጢት አንጠልጥለዋል፤ ከረጢቱ ውስጥ ለውዝ የሚባል ሹገር ግላይደር ተኝቷል። ስሙን ያወጣችለት ልጃቸው ሰዓዳ ናት።

ሰዓዳ ዩኒቨርሲቲ እያለች ነው ለውዝን የገዛችው። ከዚያ ታመመች። ሕክምናው ላይ ሳለች ሸሚዟ ውስጥ አድርጋው ትተኛ ነበር። ሆስፒታል ስትገባ ለውዝን እናቷ ተረከቡት፤ ሰዓዳ ከሆስፒታል አልተመለሰችም። ያለፈው ክረምት ነው። እማማ ዘይነብ ይህን ሲነግሩኝ አላለቀሱም፤ ከረጢቱን በመዳፋቸው ደግፈው ይዘው ነበር።

ኢድሪስ ወደ ጎን ጠራኝ። «እህቴ፣ ግልጹን ልንገርሽ። እናቴ ለልቧ የደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። ትንሽ ጭረት ግማሽ ቀን ይደማባታል፣ ባለፈው ወር አንዱ አመርቅዞ አንቲባዮቲክ ወስዳለች። ቤት እየመጣች የምታያት ነርስ ክንዷን ፎቶ አንስታለች። ከሳምንት በኋላ ሰኞ ትመለሳለች። ያን ቀን አዲስ ጭረት ካየች ለውዝን እወስደዋለሁ።»

«እናትህ ያውቃሉ?»

«ነግሬያታለሁ። ሰዓዳ የእኔም እህት ናት። ግን ሌላ ሰው መቅበር አልችልም።»

ልክ ነው። እሳቸውም ልክ ናቸው። እጅጌያቸውን ገለጥ አድርገው ክንዳቸውን አሳዩኝ፤ ከአንጓቸው እስከ ክርናቸው ያረጀም አዲስም ጭረት ነበር፣ ዙሪያው የበለዘ። ረጅም እጅጌ ይልበሱ አልኳቸው። «እለብሳለሁ እንጂ፤ ለውዱእ ስሰበስበው ነው የሚቧጭረኝ» አሉኝ። አሁን ገባኝ። በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ሲታጠቡ እጅጌያቸውን እስከ ክርን ይሰበስባሉ፤ ውሃው ሲከፈት ለውዝ ነቅቶ ከደረታቸው ይወጣና በባዶ ክንዳቸው ላይ ይሮጣል። ያን ሰዓት ኬጁ ውስጥ ያስገቡት ስላቸው «ሲጮህብኝ ሶላቴ ይበተናል» አሉ።

ቀኑ ዓርብ ነበር። ጥፍር የሚቆረጠው በጁምዓ ነው ብለው ነው ዓርብ ቀጠሮ ያስያዙት። «ከቀኙ ጀምሪ» አሉኝ፤ ከቀኙ ጀመርኩ፣ ለእንስሳው ለውጥ የለውም። ሊንዳ ይዛለች። ስድስተኛው ላይ ለውዝ ተቆጣ፣ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ። ሊንዳ «በቃ» አለች። ቀሪው ለሚቀጥለው ዓርብ፣ ነርሷ ከምትመጣበት ሰኞ ሦስት ቀን ቀድሞ።

እሑድ ቤታቸው ሄድኩ። ሥራዬ አይደለም፣ ግን ልቤ አላረፈም። አሥራ አራተኛው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት፤ አንድ ክፍል፣ ሰፊ መስኮት፣ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚወርድ መጋረጃ፣ ከሥሩ የብረት ማሞቂያ። ክር የሚመዘዝበትን ፎጣ ሁሉ ከኬጁ አወጣሁ፤ ጥፍር ክር ውስጥ ከተያዘ ይነቀላልና። መሮጫ መንኮራኩሩ ላይ ጥፍር የሚሞርድ ሻካራ ንጣፍ ገጠምኩ። ለውዝ ሲነቃ ከቁም ሳጥኑ አናት ዘሎ መጋረጃው ላይ ተለጠፈ፣ ከዚያ ተንሳፍፎ ትከሻቸው ላይ አረፈ። እማማ ዘይነብ ሳቁ። ፊታቸው ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ዓርብ ሲመጡ ግን አልሳቁም። ክንዳቸው ላይ ሦስት አዲስ ጭረት አለ። «ይኸው፣ ያልቆረጣችሁት ነው የቧጨረኝ» አሉኝ። «ጥፍር ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ ይተዋል? ራህመትዬ፣ ሰኞ ሊወስድብኝ ነው።»

ሊንዳ ኦፕሬሽን ክፍል ነበረች፣ ጥንቸል ላይ። ያዥ አልነበረኝም። እማማ ዘይነብ «እኔው እይዘዋለሁ» ብለው ከረጢቱን ደረታቸው ላይ አጥብቀው እግሩን አወጡልኝ። እውነቱን ለመናገር እንደ እሳቸው አድርጎ የያዘ ሰው አይቼ አላውቅም። ድምፅ እንኳ አላሰማም። ስምንቱን ጫፍ ጫፉን ቆረጥኩ።

«ጨምሪ» አሉኝ።

«እማማ፣ ከዚህ በላይ አይቆረጥም።»

«አፈር ስሆንልሽ። እስከ ሰኞ ብቻ። ይበቅል የለም እንዴ?» የኋላ እግሩን አዙረው የተጣበቁትን ሁለት ጣቶች አሳዩኝ። «እነዚህስ? እነዚህም ይቧጭራሉ። አንድም አታስቀሪ።»

እነሱ ማበጠሪያው ናቸው አልኳቸው። «እኔ አበጥረዋለሁ፣ ምን ሥራ አለኝ?» አሉ። ከዚያ ጉልበቴን ያዙ። እናት ጉልበቴን ይዘው! አሥራ ስምንቱንም ቆረጥኩ። አሥራ አራቱን እስከ ሮዙ ድረስ፣ ማበጠሪያዎቹንም ጨምሬ። ደም አልወጣም። እማማ ዘይነብ ግንባሬን ሳሙኝና «አላህ የልጆችሽን ደስታ ያሳይሽ» አሉኝ።

የለውዝ የሕክምና ካርድ ላይ የጻፍኩት ግን «ቀሪዎቹ ስምንት፣ ጫፍ ብቻ፤ የኋላ ማበጠሪያ አልተነካም» የሚል ነው። ሊንዳ ታነበዋለች ብዬ ነው እንጂ ሰውን ልጎዳ ብዬ አይደለም። በኋላ ግን ያ አንድ መስመር ከመቁረጫው በላይ ጎዳ።

ሰኞ ነርሷ መጣች፤ አዲስ ጭረት አላገኘችም፣ የቆየውም እየደረቀ ነው። ኢድሪስ ስልክ ደወለልኝ። «እህቴ፣ ዕድሜ ይስጥሽ። እናቴ ዛሬ ምሳ በላች» አለኝ። ደስ አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ሠራሁ።

ሐሙስ ጠዋት እማማ ዘይነብ ብቻቸውን በባቡር መጡ። ሻሻቸው ዞሯል። ለውዝ ከቁም ሳጥኑ አናት መጋረጃው ላይ ዘሏል፤ ጥፍሩ አልያዘለትም፤ ማሞቂያው ብረት ላይ ወደቀ። የኋላ እግሩን እየጎተተ ነው የመጣው።

ዶክተር ካረን ራጅ አነሳችው። አጥንቱ ተሰንጥቋል፣ ግን አልተለያየም፤ ዝቅ ባለ ትንሽ ኬጅ ውስጥ ከቆየ ይድናል አለች። ከዚያ ጀርባውን አየች፤ ፀጉሩ ተጣብቆ ተድበልብሏል። እግሩን በማጉያው አየች። ካርዱን ገለጠች፣ የእኔን ጽሑፍ አነበበች፣ መልሳ እግሩን አየች።

«ማን ነው እንዲህ የቆረጠው?» አለች። እያየች ያለችው እሳቸውን ነው። እማማ ዘይነብ እንግሊዝኛው ስለማይገባቸው የማስተረጉመው እኔ ነኝ። ሊንዳ በሩ ላይ ቆማለች።

«ምን አለች?» አሉኝ።

«ጥፍሩን ማን ቆረጠው ነው የምትለው።»

ፊቴን አዩት። ሴት ልጅ የቀበረ ሰው ፊት ማንበብ ያውቃል። «እኔ ነኝ በያት» አሉኝ። «ቤቴ፣ በመቀስ።»

«እማማ፣ እንዴት…»

«በያት አልኩሽ። ልጆች አሉሽ። በእኔ ሰበብ እንጀራሽ አይዘጋም።»

ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይላሉ። እኔ ዘጠኝ ዓመት አያያዙን ስማር ነው የኖርኩት። ያሉኝን ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። አራት ቃል ነው፤ ለመናገር ትንፋሽ አይፈጅም። ዶክተር ካረን ራሷን ነቀነቀች፣ አልተቆጣቻቸውም። «የዐይናቸው ጉዳይ ይሆናል፣ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል» አለች። ሊንዳ ግን ያየችው እኔን ነው።

ወረቀት ተጻፈ። የእንስሳው ባለቤት ጥፍሩን ቤት ውስጥ በመቀስ ከልክ በላይ እንደቆረጡት፣ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰው ይህን ማድረጋቸው ለራሳቸውም አደገኛ እንደሆነ፣ እንስሳው ሌላ ጠባቂ ቢያገኝ እንደሚመረጥ። ደንቡ ስለሆነ ለኢድሪስ ተላከ።

ማታ ለአሕመድ ነገርኩት። ቀልዱን ሁሉ ረሳው። «ሴትዮዋ ራሳቸው ተሸክመውታል። ገበናሽን ሸፍነውልሻል፤ አንቺ ገልጠሽ ምን ታተርፊያለሽ? ሌላ ሥራ ወዲያው የምታገኚ መሰለሽ?» አለኝ። እውነት ለመናገር መስማት የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። ዓርብ ሥራ ገባሁ፣ ዝም አልኩ። ቅዳሜ ዝም አልኩ።

እሑድ ከሰዓት እማማ ዘይነብ ደወሉ። «ወሰደው» አሉኝ። እኔም «እማማ» ስል ስልኩ ተዘጋ።

ሰኞ ጠዋት ከሊንዳም ከሁሉም ቀድሜ ገብቼ ዶክተር ካረንን ጠበቅኋት። ካርዱን ይዤ ሁሉንም ነገርኳት፤ አሥራ ስምንቱን፣ ማበጠሪያውን፣ የጻፍኩትን፣ የተረጎምኩትን። ሳታቋርጠኝ ሰማች። «ስህተቱን ሐሙስ ብትነግሪኝ ስለ ጥፍር እናወራ ነበር» አለች። «አሁን የምናወራው ስለ ሌላ ነገር ነው።» ከሥራ አላባረረችኝም። ሦስት ወር ኬጅ እንዳጥብ፣ መቁረጫ እንዳልይዝ፣ እንዳላስተረጉምም ወሰነች። ሊንዳ ስትሰማ «አውቄ ነበር» ብቻ ነው ያለችው።

ዶክተር ካረን እዚያው ኢድሪስን በስልክ አገኘችው። ለውዝን ሁለት ሹገር ግላይደር ያሏቸው ባልና ሚስት ወስደውታል፣ ዱሉዝ በሚባል ሩቅ ከተማ ነው የሚኖሩት። ደወለችላቸው። እየበላ ነው አሏት፤ ከሌሎቹ ጋርም ጎን ለጎን ኬጅ ውስጥ ሆነው መለማመድ ጀምረዋል፤ ልጆቻቸው ወደውታል፤ አንመልስም። ስልኩን ስትዘጋ፣ አጥንቱ ሳይገጥም እንደገና ማንገላታትም ለእንስሳው ልክ አይደለም አለች። እኔም ቴክኒሻን ነኝ፣ ልክ እንደሆነች አውቃለሁ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ኢድሪስ በማግስቱ ክሊኒክ መጣ። ኬጅ እያጠብኩ አገኘኝ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም።

«ወረቀቱን ሳነብ እናቴ መቀስ ይዛ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ ክንዷን ስትወጋ ነው የታየኝ» አለ። «ብቻዋን ነው የምትኖረው። ደሟ አይቆምም። ቅዳሜ ሄጄ ቤት ያለውን መቀስ ሁሉ ሰበሰብኩ። የልብስ መስፊያዋን እንኳ። አትቆርጪም ስላት ዝም አለችኝ፤ አልቆረጥኩም አላለችኝም። ለአንቺ ብላ ነው ዝም ያለችው?»

«አዎ።»

«ቅዳሜ ብትነግሪኝ አልወስደውም ነበር» አለና ሄደ።

እማማ ዘይነብ ቤት የሄድኩት በሚቀጥለው እሑድ ነው። ከበር የሚመልሱኝ መስሎኝ ነበር፤ አስገቡኝ። ቁጣቸው እኔ ባሰብኩት በኩል አልነበረም።

«ሸፍኜሽ ነበር» አሉኝ። «ለምን ገለጥሽው? ልጄ ፊት ውሸታም አደረግሽኝ። ‹እማዬ፣ ለባዳ ብለሽ ዋሸሽኝ› አለኝ።»

«እማማ፣ ሽፋኑ ነው ለውዝን ያስወሰደው» አልኳቸው።

የጎረቤት ቴሌቪዥን ይሰማል። «አውቃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ወረቀት ከኢድሪስ እጅ ይገባል ብዬ አላሰብኩም። ዶክተሯ ተቆጥታ የምትተወው ነው የመሰለኝ። አንቺን ሳይሽ ሰዓዳን አየሁ፤ ልጅ ስትደነግጥ እናት ምን ታደርጋለች?» ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳቸው። «የሁለታችንም ነው፤ ብቻሽን አትውሰጂው» አሉኝ። ይቅርታ ማድረጋቸው ይሁን፣ ከእኔ ጋር ማዘናቸው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

የዙሁር ሰዓት ደረሰና ለውዱእ ተነሡ። ቧንቧውን ከፈቱ፣ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዘርግተው አሳዩኝ። ሁለቱም ክንዳቸው ድኗል። አንድም ጭረት የለበትም። «ይኸው፣ እንዳላችሁት ሆነ» አሉኝና ወደ ውሃው ዞሩ።

መቁረጫውን ከመለሱልኝ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። አሁን አዳዲስ ረዳቶችን የማስተምረው እኔ ነኝ፣ ሊንዳ ጡረታ ወጥታለች። የእኛም አገር ልጆች አሉበት፤ እነሱን ለብቻ አስቀምጬ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። የቆረጣችሁትን በቆረጣችሁበት ሰዓት፣ እንደቆረጣችሁት አድርጋችሁ ጻፉ። ሐሙስ የሚነገር ነገር ሰኞ ቢነገር አይጠቅምም።